ይሉኝታ በሴንቲሜትር

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ "ባለሜትሩ" ይለው ነበር፤ ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ። ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ አንገቱ ላይ ነው፣ ፀጉሩን ሲስተካከልም አንገቱ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት ነርሷ ደረቱን ልታዳምጥ ፈልጋ ያንን ነገር አውርደው ብትለው፣ ከነሜትሬ ካላዳመጥሽኝ የሌላ ሰው ልብ ነው የምትሰሚው ብሎ አስቋታል ይባላል።

ሱቁ ሁለት ክፍል ናት። የፊተኛዋ የእሱ ናት፤ መስታወት፣ አንድ ወንበርና ደንበኛ የሚቆምባት አጭር የእንጨት መርገጫ አሉባት። ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው፣ ትልቁ ጠረጴዛ፣ ሁለቱ የስፌት መኪናዎችና ካውያው ያሉባት ደግሞ የሚስቱ ናት። እሱ ይለካል፣ ይጽፋል፣ ደንበኛ ያጫውታል። እሷ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች፣ ትተኩሳለች። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረዋል። ያለቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ቁጥጥር ሠራተኛ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ሳሙና ስትመዝን ትውልና ማታ ቤት ስትገባ ሽታዋ ቀድሟት ይገባል።

ሰው ወደ ባለሜትሩ የሚሄደው ለልብስ ብቻ አልነበረም። መርገጫዋ ላይ የወጣ ሰው ደስ ሳይለው አይወርድም። ልጆቹን ይጠይቀዋል፣ ሥራውን ይጠይቀዋል፣ ሜትሩን ወገቡ ላይ ሲያዞር ደግሞ በጆሮው አንድ መልካም ነገር ሹክ ይለዋል። ልብሱም ሲያልቅ ልክ ይሆናል። ባለሜትሩ በዚህ አፉን ሞልቶ ይናገር ነበር፤ "ሰው ይዋሻል፤ የእኔ ሜትር ግን ዋሽቶ አያውቅም" ማለት ይወድ ነበር።

ያ ሁሉ ክብር የተነካው አንድ የአውቶቡስ ድርጅት ለሠላሳ አራት ሠራተኞቹ ዩኒፎርም ያዘዘ ጊዜ ነው። ሾፌሮች፣ ትኬት ቆራጮችና ሁለት የቢሮ ጸሐፊዎች ነበሩ። አዲስ መናኸሪያ ሊመረቅ ስለሆነ ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሱሪ ይልበሱ ተባለ። ሠራተኞቹ ሥራ ፈትተው ወደ ሱቁ መምጣት ስለማይችሉ ባለሜትሩ ራሱ አሮጌው መናኸሪያ ድረስ ሄዶ፣ በአንድ ቀን ሁሉንም ለክቶ፣ ደብተሩን ለሚስቱ አስረከበ። እሷም ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየችና፣ ሾፌሮቹ በእርግጥ እንዲህ ቀጫጭን ናቸው ወይ ብላ ጠየቀችው። እሱም ሜትሩን ከአንገቱ ላይ መታ መታ አደረገ። መልሱ ያ ነበር። ደግማ ብትጠይቀው ተቆጣ፤ እሷም መቀሷን አነሣች።

ድርጅቱ ሱሪዎቹን በተረከበ በሦስተኛው ቀን የድርጅቱ የአስተዳደር ኃላፊ በአንድ ጆንያ አሥራ አንድ ሱሪ ይዞ ሱቁ ገባ። ረጅም፣ ደረቅ፣ ሲናገር ፊቱ የማይንቀሳቀስ ሰው ነው። ጆንያውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ፣ የመጀመሪያውን ሱሪ አወጣና ቁልፉ ተበጥሶ እንደ ሄደ አሳየ። ሁለተኛው ዚፑ አልዘጋ ብሏል። ሦስተኛው የዋናው ሾፌር ነበር፤ ሰውየው ተሳፋሪ ሞልቶ ሊነሣ ሲል የወደቀ መነጽሩን ለማንሣት ጎንበስ ቢል፣ ሱሪው ከኋላ ከመቀመጫ እስከ ቀበቶ ተተርትሮ፣ ጉዞውን ሙሉ ከወንበሩ ሳይነሣ እንደ ሄደ ኃላፊው በረጋ ድምፅ ተረከ። ምሳ እንኳ በመስኮት ነው ያቀበሉት አለ።

"ልብስ ሰፊ አገኘን ብለን ነበር" አለ በመጨረሻ፤ "ያገኘነው ግን ልብስ አጥባቢ ነው።"

ምረቃው አሥራ ስድስት ቀን ቀርቶታል። እስከዚያ ካልተስተካከለ ሌላ ቤት እንወስደዋለን ብሎ ወጣ።

ባለሜትሩ በሩ እስኪዘጋ እንኳ አልጠበቀም። መጋረጃውን ገለጠና፣ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ውስጥ ተናግሮት የማያውቀውን ተናገረ፤ መቀስሽ ወደ ውስጥ እየገባ ነው አላት። ሚስቱ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር። አንዱን ሱሪ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ በራሱ ሜትር ወገቡን ለክታ፣ ደብተሩን አጠገቡ አኖረች። የተጻፈው ዘጠና አምስት ነው፤ ሱሪውም ዘጠና አምስት ነው። ሁለተኛው መቶ አምስት፣ እሱም መቶ አምስት። አሥራ አንዱንም እንዲሁ አንድ በአንድ አሳየችው። ከዚያ መቀሷን ጨርቅ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና፣ ጥፋቱ የማን እጅ እንደሆነ እስኪታወቅ አንድ ክር አልቆርጥም አለች። ሆደ ሰፊ ሴት ናት፤ ሆደ ሰፊ ሰው አንዴ ከጠበበ ግን ማስፋት ከባድ ነው።

ባለሜትሩ ሁለት ቀን ጥፋተኛ ፍለጋ ዋለ። መጀመሪያ ጨርቁ ውኃ ሲነካው ተሰብስቦ ይሆናል አለ። ልጁ ቁራጭ ጨርቅ ነክራ፣ አድርቃ ለካችው፤ ንቅንቅ አላለም። ቀጥሎ ሾፌሮቹ በሦስት ሳምንት ውስጥ ወፍረው ይሆናል አለ። ልጁ፣ አሥራ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲህ ከወፈረ እኛም እዚያው እንቀጠር አለችው። ሚስቱ ይህን ሁሉ እየሰማች ሻይዋን ትጠጣለች፤ የስፌት መኪናው አቧራ ጠጣ።

በሦስተኛው ቀን ልጁ አባቷን መስታወቱ ፊት ካለው ወንበር ላይ አስቀምጣ ስለ ፋብሪካዋ ነገረችው። እኛም ቤት ሁለት ሚዛን ተጣልተው ያውቃሉ አለችው። እንዲህ ሲሆን የቱ ነው ልክ ብለን አንከራከርም፤ ያንኑ ሳሙና በሁለቱም ላይ እንመዝናለን፣ ሁለት ዝርዝር እናወጣለን፣ አንዱን ካንዱ እንቀንስና ልዩነቱን ብቻ በግራፍ እንሥላለን። ሚዛኖቹ ያልተናገሩትን ልዩነቱ ይናገራል። ስለዚህ አንተ የለካሃቸውን ሰዎች ሌላ ሰው ይለካቸው፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ቦታ፣ አንዳችሁ የሌላውን ቁጥር ሳታዩ።

ባለሜትሩ ደስ አለው። ንጹሕ ሰው ምርመራ አይፈራም። የቀረው ሁለተኛው ለኪ ማን ይሁን የሚለው ነበር፤ ሚስቱ ተከሳሽ ናት፣ ልጁ የሁለቱም ናት። ስለዚህ ታላቅ እህቱ ተጠሩ።

እህትየው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፖስታ ቤት፣ ጥቅል የሚመዘንበት መስኮት ላይ ሠላሳ ዓመት ተቀምጠዋል። ከተማው የሚያውቃቸው "እትዬ ግራም" በሚል ነው፤ እሳቸው ዘንድ አንድ ግራም ካለፈ አለፈ ነው። የገዛ ባላቸው የላከውን ጥቅል ሳይቀር ከልኩ አልፏል ብለው መልሰውበት፣ ሰውየው እዚያው መስኮቱ ሥር ጥቅሉን ፈትቶ አንድ እግር ካልሲ አውጥቶ ኪሱ ከቷል። ሌላኛው እግር ብቻውን ተላከ።

ቅዳሜ ጠዋት ባለሜትሩ፣ እህቱና ልጁ አሮጌው መናኸሪያ ሄዱ። የሾፌሮች ማረፊያ ክፍል መሃል ላይ አንድ ቁም ሣጥን አዙረው፣ ባለሜትሩን በወዲህ በኩል፣ እትዬ ግራምን በወዲያ በኩል አቆሙ። ልጁ እምብርት ላይ፣ በስስ ሸሚዝ፣ ቆመው ይለኩ ብላ አዘዘች። ሰው መጀመሪያ ወደ አባቷ ይገባል፣ ከዚያ ወደ አክስቷ።

ባለሜትሩ እንደ ዕለቱ ተጠንቅቆ ለክቶ አያውቅም። እንደሚፈተን ያውቃል፤ ስለዚህ ሜትሩን ሁለት ጊዜ ያዞራል፣ ዓይኑን ቁጥሩ ላይ ያሳርፋል፣ ቀስ ብሎ ይጽፋል። ይሁን እንጂ መጠየቁን አልተወም። ዋናው ሾፌር ሲገባ፣ ስለ ሱሪው ይቅርታ ጠይቆት፣ ትንሿ ልጅህ ትምህርት ጀመረች ወይ ብሎት፣ "ሰሞኑን ግን ቀለል ያልክ መሰለኝ" ብሎት፣ መቶ አሥራ ስድስት ብሎ ለራሱ ጻፈ። ሾፌሩ ፈገግ እንዳለ ወደ ማዶ ተሻገረ።

እትዬ ግራም ሠላሳ ዓመት በመስታወት ውስጥ ስለተናገሩ ድምፃቸው ቅርብና ሩቅ አያውቅም። "ትንፋሽህን ልቀቀው" ሲሉ ተሰማ፤ "ሆድህ ያንተው ነው፣ ማንም አይወስድብህም።" ቀጥለውም፣ "መቶ ሃያ አራት" አሉ። ውጭ ወረፋ ይዛ የነበረች አንዲት ተሳፋሪ መቶ ሃያ አራት ወዴት ነው የሚሄደው ብላ ጠየቀች። ባለሜትሩ በቁም ሣጥኑ ወዲህ ሆኖ ስለ ሾፌሩ አፈረለት። ከዚያ በኋላ የገቡት ሾፌሮች ከእሱ ወደ እህቱ ሲሻገሩ ጥርስ ሊያስነቅል እንደሚገባ ሰው እግራቸውን ይጎትቱ ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች ለምን እንደተለያዩ ግን አላሰበም፤ እህቱ ሜትር ሳይሆን ሚዛን ነው የሚያውቁት ብሎ አለፈው።

በማግስቱ እሁድ ጠዋት ሱቁ ተዘግቶ ቤተሰቡ በሙሉ ከመጋረጃው ጀርባ ተሰበሰበ። ሚስትየው ካኮረፈች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች። ልጁ ሞዴል የሚነደፍበትን ትልቁን ቡናማ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፈች። መጀመሪያ ሠላሳ አራቱን ሰዎች ከቀጭን ወደ ወፍራም ደርድራ፣ የአባቷን ቁጥሮች በሰማያዊ፣ የአክስቷን በቀይ አስገባቻቸው። ሁለት መስመሮች ጎን ለጎን፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሽቅብ ወጡ። ቆም ብሎ ላያቸው አንድ ናቸው።

ባለሜትሩ እጁን ዘረጋ። መንትያ ናቸው፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ አለ። ወደ ሚስቱም ዞሮ ፊቱን በድል አበራ። እሷ ግን ወረቀቱን እንጂ እሱን አላየችም።

ልጁ ገና ነው አለች። እዚህ ወረቀት ላይ ከስድሳ አራት እስከ መቶ ሃያ አራት ነው ያለው፤ እንዲህ ያለ ተራራ ላይ አምስት ሴንቲ እንደ ጠጠር ነው፣ ዓይን ይዘለዋል። ተራራውን ማንሣት አለብን። ሁለተኛ ወረቀት ሰቀለች፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ክር ከዳር እስከ ዳር ወጠረች፤ ይህ ዜሮ ነው፣ ሁለቱ ለኪዎች የተስማሙበት ሰው እዚህ ክር ላይ ይቀመጣል አለች። ከዚያ ከአክስቷ ቁጥር የአባቷን እየቀነሰች፣ ቀጫጭኖቹን በግራ፣ ወፍራሞቹን በቀኝ እያደረገች፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ባለቀለም ስፒል ትተክል ጀመር።

ሰባ ስምንት የሆነው ትኬት ቆራጭ ክሩ ላይ ተተከለ። ዘጠና የሆነው ጸሐፊ ከክሩ አንድ ሴንቲ ከፍ አለ። ዘጠና ስምንቶቹ ሦስት ሴንቲ ወጡ። መቶ አሥሮቹ አምስት። የዋናው ሾፌር ስፒል ስምንት ሴንቲ ላይ፣ ብቻውን፣ የወረቀቱን ጫፍ ሊነካ ምንም አልቀረው። ስፒሎቹ ሲያልቁ ግድግዳው ላይ አንድ ደረጃ ተሠርቶ ነበር፤ ሰው በወፈረ ቁጥር ባለሜትሩ እየቀነሰለት፣ ደረጃውን ይወጣል።

አንዲት ስፒል ደግሞ በግራ በኩል ከክሩ በታች ወርዳለች። አጥንቷ የሚቆጠር አንዲት ወጣት ትኬት ቆራጭ ናት። እትዬ ግራም ስድሳ አራት ብለዋታል፤ ባለሜትሩ ስድሳ ስድስት።

"ወፍራሙን ታከሳለህ፣ ቀጭኗን ታደልባለህ" አሉ እህትየው። "ይህ ልኬት አይደለም፤ ጸሎት ነው።"

ባለሜትሩ እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት ብሎ ማለ። መሐላው እውነት ነበር፤ ክርክሩን የከፋ ያደረገውም ያ ነው። እትዬ ግራም ከወንበራቸው ተነሥተው መሃል ቆሙና፣ ለካኝ አሉት። ሞላ ያሉ ሴት ናቸው። ባለሜትሩ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ፤ ሚስቱና ልጁ ከግራና ከቀኝ ሆነው እጁን ያያሉ። ሜትሩን አዞረና፣ አፉ ሳያስበው፣ "እትዬ፣ ሰሞኑን ክስት አላሉም እንዴ?" አለ። እትዬ ግራም፣ ያቺ የሠላሳ ዓመት ሚዛን፣ ሆዳቸውን ሳብ አደረጉ። በዚያችው ቅጽበት የባለሜትሩ አውራ ጣት ሜትሩን ጠበቅ አድርጎ ወደፊት ገፋው። መቶ ሁለት ብሎ አነበበ።

ጠዋት ቤታቸው ራሳቸውን ለክተው እንደነበር፣ መቶ ስድስትም እንደሆኑ እትዬ ግራም ተናገሩ። ቀጥለውም ሆዳቸውን በመሳባቸው ተናደው ተቀመጡ።

ባለሜትሩ አውራ ጣቱን አየው። የሌላ ሰው ጣት አየ የሚመስል ነበር። ከዚያ ልጁን ጠርቶ፣ ቀጭን ስለሆነች፣ እሷን ለካ፤ አሁን ዓይኑ እጁ ላይ ስለነበር ሁለት ጣቶቹ ከሜትሩ ሥር ተንሸራትተው ሲገቡ ራሱ ያዛቸው። እጁ ከእሱ ከራሱ ተደብቆ ይሉኝታ ይዞት ኖሯል።

ቢሆንም አንድ ነገር አልገባው አለ። እሺ፣ ጥፋቱ የእኔ ይሁን አለ፤ ታዲያ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰፋነው ልብስ እንዴት ልክ ሆነ? ለወፍራም ሰው ሁሉ ከቀነስኩ፣ ስንቱ ሱሪ በየመንገዱ መተርተር ነበረበት።

ሚስትየው ተነሥታ በመጋረጃው ጫፍ ላይ ያለችውን ቀዳዳ አሳየችው፤ ዓይን የምታህል ናት፣ ዳሯ በአጠቃቀም ብዛት ቆሽሿል። ደንበኛ መርገጫዋ ላይ በወጣ ቁጥር ከዚህ ታየው ነበር። እሱ የጻፈውን ታነባለች፣ ሰውየውን ታያለች፣ እንደ ሆዱ መጠን ትጨምራለች። የመናኸሪያውን ሰዎች ግን አላየቻቸውም፤ ደብተር ብቻ ነው የመጣላት። ብትጠይቀው ደግሞ ተቆጣት።

"ሃያ ሁለት ዓመት ስታርሚኝ ኖረሻል?" አላት።

"አርሜህ አላውቅም" አለች፤ "ሰፋ ነው ያደረግኩት።"

ለምን ሳትነግሪኝ ቀረሽ አላላትም። መልሱን ስፒሎቹ ግድግዳው ላይ ጽፈውታል፤ ይሉኝታ ያለው እሱ ብቻ አልነበረም። ኮቱን አንሥቶ ወጣ።

እሁድ ስለሆነ መንገዱ ሰው ሞልቶታል። ባለሜትሩ የሚያየው ወገብ ብቻ ነበር። ያ ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ በአንድ እጁ ልጁን በሌላው ሐብሐብ ይዞ፣ ሱሪው ምንም ሳያስጨንቀው ይራመዳል። ባለሜትሩ የጻፈለትን ቁጥር ያስታውሳል። አሁን በዓይኑ ሲለካው ቁጥሩና ሰውየው አይተዋወቁም። ያቺ አስተማሪ ናት፣ ቀሚሷ ላይ የእሱ ሱቅ ቁልፍ አለ፤ እሷም ልክ ናት። አንድ በአንድ ሰላም አሉት፣ አንድ በአንድ የሚስቱ ሥራ ናቸው። ስንት ጊዜ እጁን ዘርግቶ ምስጋና ተቀብሎባቸዋል። ከዚያም ሳያስበው ሳቀ፤ ሐብሐቡን የተሸከመው ዳቦ ጋጋሪ በእኔ ነው የሚስቀው ብሎ ሸሚዙን ወደ ታች ሳበ።

ሲመለስ ሚስቱ መቀሷን ከመሳቢያው አውጥታ እየሳለች አገኛት። ለዳቦ ጋጋሪው ስንት ጨመርሽለት አላት። ሰባት አለችው። ሰባትማ አይሆንም ብሎ ሊከራከር አፉን ከፈተ፣ ግድግዳውን አየና ዘጋው። ይቅርታ መጠየቅ የማይሆንለት ሰው ነው፤ አሥራ አንዱን ሱሪ ከጆንያው አውጥቶ፣ ምላጭ ይዞ፣ የኋላ ስፌታቸውን መተርተር ጀመረ። ያ ከእሱ ዘንድ ይቅርታ ነው። እሷም በልማዷ ከኋላ ሰፋ ያለ የስፌት ትርፍ ትታ ስለነበር አብዛኞቹ ተለቀቁ። ለዋናው ሾፌርና ለሌሎች ሁለት ሰዎች ግን ከአዲስ ጨርቅ እንደገና ተቆረጠ። በእትዬ ግራም ቁጥር ነው የተቆረጠው።

በምረቃው ቀን ባለሜትሩ ከሕዝቡ መሃል ቆመ። ሰው ሁሉ ሪባን ሲያይ እሱ ሾፌሮቹን ከኋላ ያያል። ዋናው ሾፌር ለሪባኑ መቁረጫ የተዘጋጀውን ትሪ ለመቀበል ጎንበስ ሲል ባለሜትሩ የሚስቱን ክንድ ያዘ። ምንም አልተተረተረም። ከሕዝቡ ትንሽ ዘግይቶ አጨበጨበ።

የቀረው ነገር ከእንግዲህ ማን ይለካ የሚለው ነበር። አንድ ሳምንት እትዬ ግራም የፊተኛዋን ክፍል ያዙ። ልኬቱ አንድ ሚሊ አይሳሳትም፤ ደንበኛው ግን እንደ ጤዛ ረገፈ። አስተማሪዋ ቁጥሯን ከመንገድ ማዶ ያሉ ሁለት ተማሪዎቿ እንደሰሙ ስታውቅ መርገጫዋ ላይ ጫማዋን ትታ ልትወጣ ምንም አልቀራት። በሳምንቱ መጨረሻ እትዬ ግራም ራሳቸው፣ ጥቅል እንዲህ አያኮርፍም ብለው ሄዱ።

ልጁ ሌላ ዘዴ አመጣች። አባቷ እንደ ድሮው ይለካ፤ እሷ ከግራፉ ላይ ትንሽ ሰንጠረዥ አወጣች፤ አባዬ ዘጠና አምስት ካለ ሦስት ጨምሪ፣ መቶ አምስት ካለ አምስት ጨምሪ እያለ ይወርዳል። እናቷ ጠረጴዛው ላይ ለጠፈችው። ግን ባለሜትሩ ስህተቱን ካወቀ ወዲህ እጁ ተበላሽቶ ነበር። ወፍራም ሰው ሲመጣ አውራ ጣቴ አይግፋ ብሎ ሜትሩን ያላላል፣ ከዚያ አላላሁ ብሎ ያጠብቃል፣ መልካም ቃል ከመናገር ራሱን ስለሚከለክል ደንበኛውም እሱም ላብ ያጠምቃቸዋል። ልጁ አሥር ጎረቤት ሰብስባ ሁለት ሁለት ጊዜ አስለካችና ስፒሎቹን ተከለች። የድሮው ደረጃ ፈርሶ፣ ስፒሎቹ እንደተበተነ ጥራጥሬ ከክሩ በላይም በታችም ወድቀዋል።

"አባዬ፣ የድሮው ስህተትህ ይሻላል" አለችው። "እሱ መንገድ ያውቅ ነበር። የሚታመን ስህተት ይታረማል፤ የሚቅበዘበዘውን ምን ላድርገው?"

እባክህ እንደ ድሮው ተሳሳት ተብሎ የተለመነ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሞከረ፤ ግን ሆን ብሎ ይሉኝታ መያዝ፣ ሆን ብሎ እንደ ማንቀላፋት ነው።

እንዲህ እያሉ ሳለ የአስተዳደር ኃላፊው መጣ። ለሠላሳ አራቱ ሰዎች የብርድ ጃኬት ሊያዝ ነው። ፊቱ ሳይንቀሳቀስ አንድ ቅድመ ሁኔታ አቀረበ፤ ሾፌሮቹ በጽሑፍ ጠይቀዋል አለ፣ የሚለካቸው ባለሜትሩ ራሱ እንዲሆን፣ ቁጥር የሚጮኹት ሴትዮ እንዲቀሩ። ባለሜትሩ እንቢ ሊል ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ግን የሚስቱ ድምፅ፣ እንመጣለን አለ። በነጠላ ቁጥር አልተናገረችም።

አዲሱ መናኸሪያ ሁለቱም ሄዱ። እሱ ቆሞ ይለካል፤ እሷ ደብተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ ለሚያያት ጸሐፊ ናት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች ላይ ሜትሩን አንዴ አላላ፣ አንዴ አጠበቀ። አራተኛው ዋናው ሾፌር ነበር፤ ሳይጠየቅ፣ ልጄ ማንበብ ጀመረች፣ የአውቶቡሱን ታፔላ ሁሉ ታነብልኛለች ብሎ ወሬውን ጀመረ። ባለሜትሩ የትኛውን ታፔላ ብሎ ጠየቀ። ወሬው ወሬ እየወለደ፣ እጁን ረሳው። አውራ ጣቱ ጥንት በሚያውቀው መንገድ ሄደ። መቶ አሥራ ስድስት አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሾፌሩ ብቻ እንዲሰማ። ሾፌሩ ደረቱን ነፋ። ሚስትየው ሾፌሩን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ አየችውና አንገቷን ደፍታ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ያሉት እንደ ውኃ ፈሰሱ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር ቆመው ነው የሄዱት። ባለሜትሩ ደብተሩን ስጪኝ አላት። በአንድ እጁ የአውቶቡሱን ብረት ይዞ፣ በሌላው ደብተሩን ፊቱ ላይ አድርጎ፣ ሠላሳ አራቱንም አነበበ። እሱ ያላቸው ቁጥሮች አንድም የሉም ማለት ይቻላል። መቶ አምስት ያለው መቶ አሥር ሆኗል፣ ስድሳ ስድስቷ ልጅ ስድሳ አራት ሆናለች። ሁለት ፌርማታ አለፈ። ሚስቱ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች፤ ግን ጆሮዋን ወደ እሱ ጥላለች።

"የመጨረሻው ሰውዬ ላይ" አላት ደብተሩን ሲመልስላት፣ "አንድ ሴንቲ አብዝተሽበታል።"

"ምሳ ሳይበላ ነው የለካኸው" አለች።

ባለሜትሩ ነገሩን አመዛዘነ። ሰውየው በእርግጥም እጁ ላይ ገና ያልተነካ የምሳ ሰሃን ይዞ ነበር ወረፋ የጠበቀው። እውነትሽን ነው አላት፤ ወንበር ሲለቀቅም መጀመሪያ እሷን አስቀመጠ።